ውድ ኤርፎን፦ ከመምረጥ እስከ ማጽዳት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ ያዘዝኩትን ኤርፎን ይዞልኝ መጣ። ዋጋውን ለቤተሰብ አልተናገርኩም፤ የአንድ ወር ደመወዜን አልፎ ነበር። እቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ሰካሁት። የወጣው ድምፅ የሰፈር ሱቅ ሬዲዮ ነው የሚመስለው፦ ቀጭን፣ ቤዝ የሌለው፣ ጆሮ የሚወጋ። ሁለት ሳምንት ተበሳጨሁ። ሸጬ ልገላገል ብዬ ካርቶኑን ሳደራጅ ከግርጌው በትንሽ ፌስታል የታሸገች፣ ኤርፎኑ ጫፍ ላይ የምትሰካ ትልቅ ጎማ አገኘሁና ለወጉ ያህል ቀየርኳት። ያው ዘፈን፣ ያው ስልክ። ከበሮው ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣ፤ ቤዝ ጊታሩ ቦታውን ያዘ፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ተሰማኝ።

ችግሩ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ኤርፎን አልነበረም፤ ጎማዋ የጆሮዬን ቀዳዳ አልዘጋችውም ነበር። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተልም ከዚያ የመጣ ነው፦ መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ጎማ፣ ከዚያ ስልክ፣ ዋጋ በመጨረሻ። ሻጮች ብዙ ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚነግሯችሁ።

ስለ የትኛው ዓይነት እንደማወራ ላስቀድም። "ኢን-ኢር ሞኒተር" የሚባለው ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚዘጋ፣ ብዙውን ጊዜ ገመዱ በጆሮ ላይ ዞሮ ከኋላ የሚወርድ ኤርፎን ነው። ኢቲሞቲክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ኢአር-4 የቤት አድማጩን ቀደም ብሎ ደርሶለታል፤ የዓይነቱ ስም የገነነው ግን በመድረክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የድምፅ ባለሙያው ጄሪ ሃርቪ ለቫን ሄለን ባንድ ከበሮ መቺ ለአሌክስ ቫን ሄለን በጆሮው ልክ ሠራለት፤ ሰውየው መድረክ ላይ ከራሱ ከበሮ ጩኸት የተነሳ ሌላውን መስማት ተቸግሮ ነበር። ዛሬ ያው ዕቃ በታክሲ ውስጥ ጆሯችን ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ እውን ይህ ነው የሚያስፈልጋችሁ?

የምታዳምጡት የት ነው? ቀኑን ሙሉ ስልክ የምታነጋግሩ፣ የምትሮጡ ወይም ኩሽና ውስጥ ወዲያ ወዲህ የምትሉ ከሆነ ገመዱ ያስመርራችኋል፤ ጥሩ ብሉቱዝ ግዙና ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ተዉት። አውሮፕላንና ረጅም መንገድ አውቶቡስ የሚያበዛም ሰው ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጭ ጩኸትን በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፋ ዘዴ) ያለውን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ያ ቴክኖሎጂ የሞተር ጉርምርምታ ዓይነት ወፍራም ድምፅ ላይ ይበረታል። በጎማ ብቻ የሚዘጋው ደግሞ የሰው ወሬ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የሕፃን ለቅሶ ዓይነት ቀጠን ያለውን ድምፅ አጥብቆ ይቀንሳል።

ተቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትሰሙ ከሆነ፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ጎረቤታችሁ ስልክ ሲያወራ ሥራ የማይሠራላችሁ ከሆነ፣ ቀጥሉ። ባለገመዱ ባትሪ የለውም፤ ስለዚህ ባትሪው ደክሞ የሚጣልበት ቀን የለም። ገመዱ የሚነቀል ከሆነ ደግሞ ቶሎ የሚበላሸውን ክፍል ብቻ ትቀይራላችሁ።

ደረጃ 2፦ ጆሯችሁን እወቁት

የጆሮ ቀዳዳ በአማካይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፤ ይጠማዘዛል፤ ግራና ቀኙም ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም። በእኔ በኩል ግራው መካከለኛ ጎማ፣ ቀኙ ትልቅ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ የፈጀብኝ ጊዜ ያሳፍረኛል።

አሁን ያላችሁን ርካሽ ኤርፎን አውጡና ይህን ሞክሩ። ሁለቱንም ጆሮ ድፈኑና አፋችሁን ዘግታችሁ "እምምም" እያላችሁ አንጎራጉሩ። ድምፃችሁ ጭንቅላታችሁ መሃል፣ በሁለቱም በኩል እኩል ከጎረነነ ዘግቷል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን ያዘነበለበት ጎን በደንብ የተዘጋው ነው፤ የሚያፈሰው ሌላኛው ነው። በዚያኛው ጎን አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ አድርጋችሁ ድገሙት። የሚስማማችሁን ቁጥር በወረቀት ጻፉት።

ቀጥሎ ከቀዳዳው ውጭ ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በመስታወት እዩ። የኤርፎኑ አካል የሚያርፈው እዚያ ነው። ጠባብ ከሆነች ብዙ ድራይቨር (ድምፅ ማውጫ) የታጨቀበት ወፍራም ኤርፎን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያሳምማችኋል፤ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጎማው የሚሰካበት ቱቦም ውፍረት አለው፤ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ለትንሽ ጆሮ ከባድ ነው። የዕቃው መግለጫ ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ።

ጆሮ የሚያመው፣ ፈሳሽ ያለው ወይም ኩክ የደደረበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ኩኩን በጥጥ እንጨት ልታወጡ አትሞክሩ፤ እንጨቱ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ኤርፎኑ ደግሞ ያጠብቀዋል።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን መድቡ፤ ድራይቨር ግን አትቁጠሩ

ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በፊት መቶ ዶላር የማይገዛውን ድምፅ ዛሬ በ20 ዶላር ታገኛላችሁ። ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ የተባለው የቻይና ኤርፎን በዚህ ዋጋ ወጥቶ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ደህና ኤርፎን ለማያውቅ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ በመጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ዶላር ያለውን ግዙና ሁለት ወር ስሙት። ምን እንደጎደለባችሁ በራሳችሁ ቃል መናገር ስትችሉ ወደ ላይ ውጡ። "ቤዙ ይበዛል"፣ "ዘፋኙ ሩቅ ነው"፣ "ጥሩምባው ይወጋኛል" ማለት ያልቻለ ሰው በሺህ ዶላር የሚገዛው የሌላ ሰው ምርጫ ነው።

ከዚያ በላይ መሰላሉ እንዲህ ነው። ሙንድሮፕ ብሌሲንግ 3 ሲወጣ 320 ዶላር ገደማ፣ ዜንሃይዘር አይኢ 600 ወደ 700 ዶላር፣ የዚያው ታላቅ ወንድም አይኢ 900 ወደ 1,300 ዶላር፣ 64 ኦዲዮ ዩ12ቲ ወደ 2,000 ዶላር ነበር። በ20ውና በ320ው መካከል ያለው ልዩነት ለማንም ይሰማል። በ320ውና በ1,300ው መካከል ያለው ለሚያስተውል ሰው ይሰማል። ከዚያ በላይ ልዩነት የለም አልልም፤ ነገር ግን ከመሻሻል ይልቅ ወደ ጣዕም ያደላል። አንዱ ቡና በጨው ይወዳል፣ ሌላው በስኳር።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ። ማስታወቂያው "12 ድራይቨር!" ይላል። ድራይቨር ማለት ውስጥ ያለው ድምፅ ማውጫ ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ነው። ዳይናሚክ የሚባለው እንደ ትልቅ ስፒከር ሽፋኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ የሚሠራ ነው፤ ቤዙ ሥጋ አለው። ባላንስድ አርማቸር የሚባለው ለመስማት የተቸገሩ ሰዎች በሚጠቀሙበት መሣሪያ ውስጥም የሚሠራ ነው፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ባንዴ መደርደር ይቻላል፤ የድምፅ ዝርዝር ላይ ይበረታል። ፕላናርና ኤሌክትሮስታቲክ የሚባሉም አሉ። ታዲያ ዩ12ቲ 12 አርማቸር ሲኖረው አይኢ 900 በየጎኑ ያለው አንድ ብቸኛ 7 ሚሊ ሜትር ዳይናሚክ ነው። ሁለቱም ከምርጦቹ ይቆጠራሉ። ብዛቱ የሠሪውን ዘዴ ነው የሚነግራችሁ፤ ጥራቱን አይነግራችሁም።

ደረጃ 4፦ ግራፉን በግማሽ ልብ፣ ዘፈኑን በሙሉ ልብ

አብዛኛው ኤርፎን በግራፍ ተለክቶ ታገኙታላችሁ። ከግራ ወደ ቀኝ ወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ይሄዳል፤ መስመሩ ከፍ ባለበት ያ ድምፅ ይጎላል። 3,000 ኸርዝ አካባቢ ኮረብታ ስታዩ አትደንግጡ፤ የሰው ጆሮ ቀዳዳ ራሱ እንደ ዋሽንት ቱቦ እዚያ አካባቢ ድምፅ ያጎላል፤ ኤርፎን ቀዳዳውን ሲዘጋ ያንን መተካት አለበት። ኮረብታው የሌለበት ኤርፎን ዘፋኙን ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ በሃርማን ኩባንያ አድማጮችን አስቀምጠው ያወጡት "ሃርማን ታርጌት" የሚባል የማነጻጸሪያ መስመር አለ፤ ለብዙ ሰው የሚስማማው ምን እንደሚመስል ያሳያል። ለእናንተ ይስማማል ማለት አይደለም። ከ8,000 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ያለውን ጫፍ ደግሞ ብዙ አትመኑት፤ መለኪያው ቱቦ ራሱ እዚያ ጋ ጉብታ ይፈጥራል፤ ጉብታው የሚወጣበት ቦታም ኤርፎኑ ምን ያህል እንደገባ ይለያያል።

ከዚህ በኋላ ያለው የጆሮ ሥራ ነው። ሻጩ ከፍቶ በሚያሰማችሁ ዘፈን አትፈትኑ፤ እሱ የመረጠው ኤርፎኑን የሚያሳምር ነው። ከልጅነታችሁ የምታውቁትን፣ እያንዳንዱ ምት የት እንደሚወድቅ የምትጠብቁትን ክፈቱ። እኔ የምፈትንባቸው እነዚህ ናቸው።

በገና። ከዚህ የተሻለ ፈታኝ መሣሪያ አላውቅም። አሥሩ አውታሮች ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ አውታሩ ድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን የንብ መንጋ የመሰለ ነዘራ ትሰጠዋለች። ጥሩ ኤርፎን ሁለቱን ለይቶ፣ ግን አንድ ላይ ይሰጣችኋል፤ ጉርምርምታው ከታች፣ ነዘራው በላዩ። ቤዝ የበዛበት ኤርፎን ነዘራውን ይውጠዋል፣ በገናው ቤዝ ጊታር ይሆናል። ቀጭኑ ደግሞ ነዘራውን ብቻ ይሰጣችኋል፣ የተቀደደ ስፒከር ይመስላል።

ከበሮ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አንዱ ፊት ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። በወረብ ቀረጻ ላይ የሁለቱ ፊት ምት ተለይቶ መሰማት አለበት፤ ሁለቱም "ዱም" ካሉ ኤርፎኑ ደብዛዛ ነው። ጸናጽሉ ደግሞ ላይኛውን ጫፍ ይፈትናል፦ እንደ ብረት መንቀጭቀጭ አለበት እንጂ እንደ ዘይት መጥበሻ መንጫጫት የለበትም።

ማሲንቆና ድምፃዊ አብረው ሲሆኑ። ማሲንቆው የዘፋኙን ዜማ እየተከተለ ከድምፁ ጋር አንድ አካባቢ ስለሚጫወት በመካከለኛ ኤርፎን ሁለቱ ይጣበቃሉ። ጥሩው ላይ የጭራው ፍትጊያ ከሰውየው ጉሮሮ ጎን ለጎን ተለይቶ ይቆማል።

የራሳችን ፊደል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። አማርኛ ጸ፣ ጨ፣ ጠ፣ ቀ አለው፤ እነዚህ ድምፆች እንደ ክብሪት ጭረት ፈንጥቀው የሚወጡ ናቸው። ዜና ወይም ትረካ ክፈቱና አንባቢው "ጸጥታ"፣ "ጭብጨባ"፣ "ስብሰባ" ሲል አዳምጡ። "ሰ" እና "ሸ" እንደ ፉጨት ከተሳቡ፣ "ጸ" እንደ መርፌ ከወጋ፣ ያ ኤርፎን ከ5,000 እስከ 8,000 ኸርዝ ድረስ ያለው ላይ ይጮኻል። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ "ጥርት ያለ" ይመስላል፤ በሁለተኛው ሰዓት ራስ ምታት ነው። ውጭ አገር የሚጻፉ ግምገማዎች ይህን በእንግሊዝኛ ዘፈን ነው የሚፈትኑት፤ እናንተ በቋንቋችሁ ፈትኑት።

ሁለት ኤርፎን ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ትንሽ ከፍ ብሎ የተከፈተው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ጆሯችን እንዲህ ነው የተሠራው፣ ነጋዴም ያውቀዋል።

ደረጃ 5፦ ግዢው

ዝነኛ የሆነ ሁሉ ኮፒ አለው። የሹርና የዜንሃይዘር ኤርፎኖች ከሣጥናቸውና ከመመሪያቸው ጋር ተመሳስለው ይሠራሉ። እኔም አንዴ በከተማችን አንድ ሱቅ ውስጥ "ኦሪጅናል" ተብዬ ገዝቼ፣ እቤት ስፈትሸው ግራና ቀኙ ተገላብጦ ተገጥሞ አገኘሁት። ስመለስ ሻጩ "ገልብጠህ አድርገው" አለኝ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመለያ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ወይም በወኪሉ አረጋግጡ፤ ዋጋው ከተለመደው በግማሽ ከወረደ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ግራና ቀኝን የሚለይ የሙከራ ድምፅ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ዋስትናው የተገዛበት አገር ላይ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ዘመድ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት እዚያው ከፍቶ፣ ሁለቱም ጎን እኩል መሥራቱን ሰምቶ ይምጣ። "እንደታሸገ አመጣሁልህ" የሚለው ደግነት አንዳንድ ጊዜ ያስከፍላል።

ደረጃ 6፦ ስልኩና ገመዱ

የጃክ ቀዳዳ ያለው ስልክ ካላችሁ ይበቃል፤ ሰክታችሁ ስሙ። ከሌለው ታይፕ-ሲ አስማሚ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ገበያ ላይ ያለው ርካሽ አስማሚ አንዳንዱ ሽቦ ብቻ ነው፤ ውስጡ ፋይሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ የለውም፤ ብዙ ስልክ ላይ ዝም ይላል። ቺፕ ያለውን ጠይቁ። የአፕል 9 ዶላሩ አስማሚ ቺፕ አለው፤ ድምፁም ከዋጋው በላይ ንጹሕ ነው፤ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ድምፁ አንሶ ይወጣል።

ቴክኒካዊ ቁጥር አንድ ብቻ ያዙ። የስልኩ ወይም የአስማሚው የውጤት ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ከኤርፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ መብለጥ የለበትም። 16 ኦም ለሆነ ኤርፎን ከ2 ኦም ያልበለጠ ማለት ነው። ከበለጠ፣ በተለይ ብዙ አርማቸር ያላቸው ኤርፎኖች ላይ የድምፁ መልክ ራሱ ይለወጣል፤ ቤዙ ሊጠፋ፣ ላይኛው ሊጮኽ ይችላል። ዘፈኑ ሳይጀምር ከጀርባ "ሽሽሽ" የሚል ከሰማችሁ ደግሞ ኤርፎኑ የዚያን ማጫወቻ ትንሹን ጩኸት ሁሉ የሚያጎላ ነው፤ ሌላ አስማሚ ሞክሩ።

ትልቅ ማጉያ አያስፈልጋችሁም። እነዚህ ኤርፎኖች በትንሽ ኃይል ነው የሚሠሩት። 4.4 ሚሊ ሜትር "ባላንስድ" የሚባለው መሰኪያ በዋነኝነት ተጨማሪ ኃይል ነው የሚሰጣችሁ፤ ድምፃችሁ አሁን ግማሽ ላይ የሚበቃችሁ ከሆነ ኃይሉን የት ልታደርጉት ነው? የብርና የወርቅ ገመድም በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ገመድ ቀይሩ፤ ግን የቀድሞው ስለጠነከረ፣ ስለሚጠላለፍ ወይም ስለተቆረጠ ይሁን። ስትገዙ የመሰኪያውን ዓይነት አረጋግጡ፦ ኤምኤምሲኤክስ ክብና የሚሽከረከር ነው፤ ባለሁለት መርፌው በብዛት 0.78 ሚሊ ሜትር ነው። እርስ በርስ አይገጥሙም።

ደረጃ 7፦ አደራረጉ

ቀይ ምልክት ቀኝ፣ ሰማያዊው ግራ። ገመዱን በጆሮ ላይ አዙሩት። ቀኙን ስታስገቡ በግራ እጃችሁ በጭንቅላታችሁ ጀርባ ዞራችሁ የቀኝ ጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ኤርፎኑን በቀስታ ወደ ፊት እያጠማዘዛችሁ አስገቡና ጆሮውን ልቀቁት። አፋችሁን ከፍታችሁ ዝጉ፤ ሲታኘክ የሚላቀቅ ከሆነ ጎማው አንሷል። ከዚያ "እምምም"።

የስፖንጅ ጎማ ከሆነ በጣቶቻችሁ መሃል አሽታችሁ ቀጭን አድርጉት፣ ቶሎ አስገቡትና ሃያ ሰከንድ ያህል በጣት ደግፉት፤ ውስጥ ሆኖ ያብጣል። ስፖንጅ ከተለመደው የሲሊኮን ጎማ የበለጠ ይዘጋል፤ ላይኛውን ድምፅም ትንሽ ያለዝባል፤ ለሚጮኽ ኤርፎን መድኃኒት ነው። ግን ቶሎ ያልቃል። ከኤርፎኑ ጋር የመጡት ጎማዎች ካልሆኑላችሁ ስፒንፊት ወይም ፋይናል የሚባሉትን ሞክሩ። ለጎማ የወጣ አሥር ዶላር ለኤርፎን ከወጣ መቶ ዶላር የበለጠ ለውጥ ሲያመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስታወጡ በኃይል አትንቀሉት። በትንሹ አጠማዝዛችሁ አየር አስገቡ፣ ከዚያ ሳቡ፤ የጆሮ ታምቡርም የኤርፎኑ ሽፋንም ድንገተኛ ግፊት አይወዱም። ሲገባ "ጭርር" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሽፋኑ በአየር ግፊት እየታጠፈ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አስገቡት።

በእግር ስትሄዱ ኮቴያችሁ ራስ ቅላችሁ ውስጥ "ዱብ ዱብ" ይላል። ብልሽት አይደለም፤ የተዘጋ ጆሮ ሁሉ እንዲህ ነው። ገመዱ ልብስ ሲነካ የሚያሰማውን ኮሽታ ግን ከአገጭ ሥር ባለችው ማጥበቂያ ትቀንሱታላችሁ። መንገድ ስትሻገሩ አንዱን አውጡ። ይህ ዕቃ የመኪና ጡሩምባ ይውጣል።

ደረጃ 8፦ ቮሊዩሙ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው መነሻ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች 75። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮውንና ሞተሩን ለመብለጥ ተራውን ኤርፎን የሚያጮኽ ሰው እዚያ መድረሱን አያውቅም። በደንብ የሚዘጋ ኤርፎን ዋናው ጥቅሙ ለእኔ ይህ ነው፤ ውጭውን ስለሚቀንስ በዝቅታ ትሰማላችሁ።

ዘዴው ቀላል ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሚመቻችሁን ከፍታ አግኙ፣ ቁጥሩን ያዙ፣ ታክሲ ውስጥ ከዚያ ከሁለት ነጥብ በላይ አትውጡ። የስልኩ የድምፅ መለኪያ ግምት ነው፤ በገመድ የሰካችሁት ኤርፎን ምን ያህል እንደሚጮኽ ስልኩ አያውቅም። ካወጣችሁ በኋላ ጆሯችሁ "ጺጺ" ካለ አልፋችኋል፤ ያን ቀን አሳርፉት።

የድምፁን መልክ ማስተካከል ከፈለጋችሁ ኢኳላይዘር ነውር አይደለም። አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት የተባለው መተግበሪያ የብዙ ኤርፎኖችን ማስተካከያ ይዟል። በእጅ ስትሠሩ ግን የጎደለውን ከመጨመር የበዛውን ቀንሱ።

ደረጃ 9፦ ምን ትሰማላችሁ?

በሰከንድ 320 ኪሎ ቢት የሆነ የሙዚቃ ፋይል በሰዓት 144 ሜጋ ባይት ይበላል፤ ያልታመቀ የሲዲ ጥራት 635 ገደማ። በዳታ ጥቅል ለሚኖር ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በጆሮ ደግሞ እኔ መለየት የምችለው ጥቂት ቀረጻ ላይ ነው። የሚሰማው ልዩነት ከምንጩ ነው። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሸክላ ያወጣቸው የአዲስ አበባ ሙዚቃዎች ከማስተር (ከመጀመሪያው የስቱዲዮ ቅጂ) ወይም ከንጹሕ ሸክላ ሲገለበጡ በጥሩ ኤርፎን ሳክስፎኑ ፊታችሁ ይቆማል። ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከዚያ ወደ ኢንተርኔት የተገለበጠው ግን የቴፑን ሹክሹክታና የፍጥነቱን መዋዠቅ ሁሉ ያወጣዋል። አዲሱን ኤርፎን ከመራገማችሁ በፊት የሌላ ሰው ቅጂ ፈልጉ።

ደረጃ 10፦ ጽዳትና ጥገና

በየሳምንቱ ጎማውን አውልቃችሁ በለብ ያለ ውኃና ሳሙና እጠቡ፣ በደንብ ይድረቅ። የኤርፎኑን አካል በደረቅ ጨርቅ ብቻ። በቱቦው ጫፍ ያለችውን ወንፊት ወደ ታች አዙራችሁ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፤ ወደ ላይ አዙራችሁ ከጠረጋችሁ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። አልኮልና ውኃ ወደ ቱቦው አይጠጉ። ቅቤ ወይም ቅባት የተቀባ ፀጉር ከላብ ጋር ሆኖ ገመዱን ያደርቀዋል፣ አንዳንዱን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከተጠቀማችሁ በኋላ ጥረጉት። መያዣው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምትገኘውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጣል አድርጉ። ገመዱን አጥብቃችሁ ስልክ ላይ አትጠምጥሙ፤ በእጅ መዳፍ ልክ ልል አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ባለሁለት መርፌውን ስትነቅሉ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ መርፌው ከታጠፈ ማቃናቱ ከባድ ነው።

አንዱ ጎን ድምፁ ከቀነሰ ወደ ጥገና ከመሮጣችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የስልኩ የግራና ቀኝ ሚዛን መሃል ላይ መሆኑን እዩ። ጎማውን አውልቁና ወንፊቷን በብርሃን ተመልከቱ፤ ከአሥር ጊዜ ስምንቱ በእኔ ልምድ ኩክ ነው። ንጹሕ ከሆነ ገመዱን ከሁለቱም ንቀሉና ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ሰኩ። ድካሙ ወደ ሌላኛው ኤርፎን ከተሻገረ የተበላሸው ገመዱ ነው፤ እዚያው ኤርፎን ላይ ከቀረ ወንፊቷን ቀይሩ፣ የመለዋወጫ ወንፊት አንዳንድ ጊዜ ሣጥኑ ውስጥ ጎማዎቹ ባሉበት ፌስታል ይገኛል።